ፍሬኑን ለማን አምነን ሰጠን?

ስልክና ሶፍትዌር ሲሠሩ የኖሩ ድርጅቶች መኪና ውስጥ እጃቸውን ካስገቡ ወዲህ፣ አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ሲነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ስልክ የሚሠራ ድርጅት ስለ መኪና ምን ያውቃል? ስልኬ እንኳ በቀን ሁለቴ ይደርቃል» ይላል። ሌላው «የድሮ መኪና ሠሪዎች ጊዜያቸው አልፏል፣ አሁን ነገሩ ሁሉ ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌር ደግሞ የሚያውቀው ይሥራው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም የሚከራከሩት በድርጅቱ ስም ነው። እኔን ስሙ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ማን እንደሚጠየቅ፣ እርማቱስ በምን መንገድ አዳማ ድረስ እንደሚደርስ ነው።

ነገሩ አሁን የመጣብን በምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቢዋይዲው፣ ቮልስዋገን አይዲ ፎሩ፣ ስሙን ለመጥራት የሚያስቸግረው ሌላውም የቻይና መኪና በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ እየወረደ ሰፈራችን ገባ። ብዙው ቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው።

በአሮጌው ዲኤክስ ኮሮላ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ ካቦ ይጎተታል፣ ካቦው ካርቡሬተሩን ይከፍታል፣ አለቀ። ካቦው ቢደርቅ ቅባት ነው፣ ቢበጠስ መቀየር ነው። በአዲሶቹ መኪኖች ግን ፔዳሉ የሚጎትተው ነገር የለም። ሰንሰር እግራችሁ ምን ያህል እንደረገጠ ይለካና ለኮምፒውተር ይነግረዋል፤ ለሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ፍሬኑም ቢሆን ከጀርባው የፍሬን ዘይት ቢኖረውም በብዙዎቹ መጀመሪያ የምታናግሩት ኮምፒውተሩን ነው። ስለዚህ «ሶፍትዌር» ስንል የምናወራው ስለ ሙዚቃና ስለ ካርታ ብቻ አይደለም።

የሶፍትዌር ቤት አመል

ከፈሪዎቹ ልጀምር፤ ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም። የሶፍትዌር ሥራ የራሱ አመል አለው። ቶሎ ይወጣል፣ ሕዝቡ ይሞክረዋል፣ ችግር ሲገኝ በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል። ለሙዚቃ ማጫወቻ ይህ ነውር የለውም፤ ቢደርቅ አጥፍቶ ማብራት ነው። አመሉ ግን ትልልቆቹንም አይለቅም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው፣ ኮምፒውተር ከጥቃት እጠብቃለሁ የሚለው ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣላቸው። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰረዘ፣ ባንክ ቆመ። እንዲህ ያለው ማሻሻያ ለመኪና ፍሬን ቢላክስ? የሚጫነው መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሊሆን ይችላል። ጉዱ የሚታየው ግን ሞጆን አልፋችሁ በመቶ ስትበሩ ነው።

ሌላው አመል ከኃላፊነት መሸሽ ነው። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኑ «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ የምታልፉት ረጅም ጽሑፍ አለ አይደል? ማንም አያነበውም። ሐሳቡ ባጭሩ «እንዳለ ውሰደው፣ ቢያጠፋብህ አትጠይቀኝ» ነው። በእንዲህ ያለ ውል ያደገ ድርጅት ተነስቶ «ፍሬንህን ለእኔ ስጠኝ» ሲል መጠርጠር ጤንነት ነው።

ዕድሜም ችግር ነው። ስልክ ለሚሠራ ሰው አምስት ዓመት ዘላለም ነው። ለእኛ የአምስት ዓመት መኪና «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ቪትዝ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 በ2015 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) ወጥቶ በኦክቶበር 2025 ድጋፉ ቆመ፤ አሥር ዓመት መሆኑ ነው፣ ለኮምፒውተር ዓለም ይህ ረጅም ዕድሜ ነው። ይህ ልዩነት መኪና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ የአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ቴስላ አሳይቶናል። የሞዴል ኤስና የሞዴል ኤክስ ትልቁ ስክሪን በውስጡ ስምንት ጊጋባይት የሆነች፣ ስልክ ውስጥ የምትገኝ ዓይነት ሜሞሪ ነበረችው። እንዲህ ያለ ሜሞሪ ብዙ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል። ከአምስት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ አለቀና ስክሪኑ ጠፋ። አብሮት የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጉም ማጥፊያው መቆጣጠሪያም ሄደ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ 135 ሺህ ያህል መኪኖች በዚህ ሰበብ ለእርማት ተጠሩ። ወንጀል የለበትም፣ ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። የስልክ ሰው አስተሳሰብ መኪና ውስጥ ገብቶ ነው።

ሙቀቱን ለአዳማ ሰው አልነግርም። ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ እጅ አያስነካም። ለመኪና ተብሎ የሚሠራ ቺፕ እንደሚቀመጥበት ቦታ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ችሎ እንዲሠራ ይፈተናል። ለቤት ዕቃ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 70 ነው። ከውጭ ስታዩት ሁለቱም ጥቁር ካሬ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠኝ ግን በስልክ መኪና የሚያስጠራው የአሜሪካ ድርጅት፣ የኡበር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ቴምፔ በምትባል የአሪዞና ከተማ፣ ኡበር በራሱ እንዲነዳ እየሞከረው የነበረ ቮልቮ ማታ ላይ ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ያወጣው ነገር ይዘገንናል። ሲስተሙ ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። ነገር ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ «ሌላ ነገር» እያለ ሲወላውል ጊዜው አለቀ። ሰው ከዜብራ ውጭ ሊያቋርጥ ይችላል የሚል ሐሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም! ከክፍያ ጣቢያው ወጥታችሁ ከተማ ስትገቡ ያለውን አስቡት እስቲ። ባጃጁ ከግራ፣ ጋሪው ከቀኝ፣ አህያው መሀል፣ ዜብራ ፈልጎ የሚሻገር ሰው ደግሞ ፈልጋችሁ አታገኙም። በዚያ ላይ ቮልቮ ራሱ የሠራው የድንገተኛ ጊዜ ፍሬን መኪናው ላይ ነበረ። ሁለቱ ሲስተሞች እንዳይጋጩ ተብሎ በሙከራው ጊዜ እንዳይሠራ የተደረገው በኡበር ነው።

ግን የድሮዎቹስ?

«እንግዲያው ቶዮታዬን አትንኩብኝ» የምትሉ፣ ቆዩ። በእኛ አገር ቶዮታን ማማት የሰው እናት እንደመስደብ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልበል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ መኪኖቹ ሳይታዘዙ ይፈተለካሉ ተብሎ ሚሊዮኖችን ለእርማት ጠራ። የተነገረው ምክንያት ፔዳሉን የሚይዝ ምንጣፍና የሚደርቅ ፔዳል ነበር። የጠፈር ድርጅቱ ናሳ ሳይቀር ተጠርቶ ኤሌክትሮኒክሱን ሲመረምር ከረመና በ2011 «ለዚህ የሚያበቃ ጥፋት አላገኘሁበትም» አለ። በ2013 ግን ኦክላሆማ ፍርድ ቤት የቀረቡ ባለሙያዎች የ2005 ካምሪን ኮድ አንብበው ሌላ ነገር መሰከሩ። የትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ገብቶ ሊቀይራቸው የሚችል ከ10 ሺህ በላይ የጋራ መረጃዎች ነበሩ። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ቢሞት ደግሞ አደጋ እንዲከላከል የተቀመጠው ዘዴ አብሮት ይሞታል። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች በቶዮታ ላይ ፈረዱ። በ2014 ደግሞ ስለ ፔዳሉ ችግር ደንበኞችን አሳስቷል ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ማን ልክ ነው፣ ናሳ ወይስ ምስክሮቹ? ለእኔ ዋናው እሱ አይደለም። ኮዱ እንዲህ ተጠላልፎ ሲጻፍ አዋቂ ተሰብስቦበት እንኳ «ደህና ነው» ወይም «ደህና አይደለም» ብሎ መስማማት አይቻልም፤ አደገኛው ይህ ነው።

ቮልስዋገን ላይ አልቆይም። በ2015 የተያዘው ሶፍትዌሩ ተሳስቶ አይደለም፤ ጭሱ እየተለካ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ሌላ እንዲሆን ሆን ተብሎ የተጻፈ ነበር። 11 ሚሊዮን ያህል መኪና። ይኸው ድርጅት በኋላ ደህና ሶፍትዌር እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ አይዲ ስሪዎች ሶፍትዌራቸው ስላላለቀ ሜዳ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ በ2024 ደግሞ ሪቪያን ከሚባል አዲስ የአሜሪካ ድርጅት ጋር ለመሥራት ቢሊዮኖች መደበ። እኛ ሰፈር የሚሄደው አይዲ ፎር የዚያ የአይዲ ስሪ ታናሽ ወንድም ነው።

ቦይንግ መኪና አይሠራም። ግን ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ የምናልፈው ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሆነ ነውና አልዘለውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ከአራት ወር ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የታዘዘውን ነው ያደረገው። ክፋቱ ትዕዛዙ ነበር፤ አውሮፕላኑ አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሰንሰሮች እያሉት ኤምካስ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ሲዋሽ ሶፍትዌሩ አመነው፣ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። ስለ ኤምካስ አብራሪዎቹ በመጀመሪያ በተሰጣቸው መመሪያ ውስጥ አልተነገረም። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ከምርመራው ብዙውን ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች ትቶት ነበር። ቦይንግ የተቋቋመው በ1916 ነው። መቶ ዓመት አውሮፕላን የሠራ ድርጅት!

ከዚህ ሁሉ የማወጣው፣ ድርጅቱ ስልክ ይሥራ መኪና፣ ሥራውን ከእሱ ውጭ የሚያይለት ሰው ከሌለ ልምዱ አያድነንም። የኡበሩም የቦይንጉም ጥፋት ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ፦ «ይህ ቢሳሳትስ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ሰው ወይ አልነበረም፣ ወይ ደመወዙን የሚከፍለው ያው ድርጅት ነበር።

ሙዚቃውና ፍሬኑ ይተዋወቃሉ?

ስለ አንድ መኪና ሲነገረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው። የመኪና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ካን ይባላል፤ የጀርመኑ ቦሽ በ1986 ያወጣው ነው። ያኔ መኪና ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ በመስመሩ ላይ የሚመጣ መልእክት ላኪው ማን እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም። መልእክቱ ደረሰ፣ ይፈጸማል። በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሳዩ። ቤታቸው ተቀምጠው በሞባይል ኔትወርክ በኩል በሌላ ሰው የሚነዳ ጂፕ ቼሮኪ ስክሪን ውስጥ ገቡ። ከስክሪኑ ወደ ካን የሚያሻግረውን ቺፕ ሶፍትዌር ቀየሩት። ከዚያ መኪናው አውራ ጎዳና ላይ እንዳለ ጉልበቱን አጠፉበት። ነጂው ጋዜጠኛ ነበር፣ ተስማምቶ የገባበት ነው፤ ቢሆንም ላብ ሳያጠምቀው አልቀረም። የጂፕ ሠሪ ፊያት ክራይስለር 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለእርማት ጠራ፣ ማስተካከያውንም በፍላሽ አድርጎ ለባለቤቶቹ በፖስታ ላከ።

የሚገርመው ያ ስክሪን የሚሠራበት ኪውኤንኤክስ የተባለው ሶፍትዌር መጥፎ ስም የለውም። እንዲያውም ብላክቤሪ፣ አዎ የድሮው የስልክ ድርጅት፣ በ2010 የገዛው ሲሆን ዛሬ በብዙ ሚሊዮን መኪኖች ውስጥ ይሠራል። ፎርድ በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር የሚሠራው ስክሪኑ እየደረቀ ደንበኛ ሲያማርርበት ቆይቶ በ2014 መጨረሻ ወደዚሁ ኪውኤንኤክስ እንደሚሄድ አስታወቀ። የጂፑ ችግር በሩን ክፍት ትቶ የገጣጠመው ሰው ነበር።

ጎግልም ስሙ ስክሪኑ ላይ ስላለ ፍሬኑን ይይዛል ማለት አይደለም። በአብዛኛው መኪና የእሱ ሥራ ስክሪኑ ላይ ያበቃል፣ ፍሬኑን እንደ ቦሽ ያሉት የቆዩ ዕቃ አቅራቢዎች ናቸው የሚሠሩት። አፕል ደግሞ አሥር ዓመት ያህል መኪና ልሥራ ብሎ ሲደክም ኖሮ በ2024 መጀመሪያ ተወው። ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው! ለዚህ አከብረዋለሁ።

ፍሬንና መሪ የሚሠራውን ከሌላው የሚለየው አሰልቺ የሆነ የወረቀት ሥራ ነው። አይኤስኦ 26262 የሚባል ደረጃ ከ2011 ጀምሮ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ቢሳሳት የሚያደርሰው ጉዳት ከኤ እስከ ዲ ይመደባል፣ ዲ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፍሬንና መሪ አብዛኛውን ጊዜ ዲ ናቸው። ዲ ከሆነ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ለምን እንደተጻፈ፣ በምን እንደተፈተነ፣ ማን እንዳየው በሰነድ መያዝ አለበት፣ የሚያየውም ከጻፈው ሰው የተለየ መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ 155 እና 156 የሚባሉም አሉ፤ አንዱ ስለ ጠለፋ ጥበቃ፣ አንዱ ስለ ሶፍትዌር ማሻሻያ። አውሮፓ ውስጥ ከጁላይ 2024 ወዲህ አዲስ መኪና እነሱን ሳያሟላ አይሸጥም። ይህን ወረቀት ተሸክሞ የሚሄድ የሶፍትዌር ድርጅት ካለ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም።

የሶፍትዌር ሰዎች ያመጡት ደህና ነገርም አለ፣ አልክድም። በ2018 አንድ የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ቴስላ ሞዴል ስሪ ከ96 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም 46 ሜትር ያህል ይፈጅበታል፣ ይህ ብዙ ነው ብሎ ጻፈ። ቴስላ በቀናት ውስጥ በአየር ማሻሻያ ላከና ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ወረደ። ጋራዥ ሳይገባ፣ ቁልፍ ሳይነካው። ደስ ይላል፣ ያስፈራልም።

አዳማ ሲደርስ

ከላይ ያወራሁት ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚሄደው፦ ስህተት ሲገኝ የሚጠራ አለ፣ እርማቱ የሚመጣበት መንገድ አለ። ሻኦሚን ተመልከቱ። ይህ ስልኩን የምናውቀው ሻኦሚ ነው። በማርች 2025 መጨረሻ ኤስዩ ሰቨን የተባለው መኪናው በአሽከርካሪ ረዳት ሲስተም እየሄደ፣ አንሁዊ ክፍለ ሀገር ውስጥ ለጥገና በተዘጋ መንገድ ላይ ሲደርስ አስጠነቀቀ፤ ሾፌሯ መሪውን ይዛ ከአጥሩ ጋር እስክትጋጭ የነበረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሦስት ወጣቶች ሞቱ። የቻይና መንግሥት በሚቀጥለው ወር አምራቾችን ሰብስቦ «በራሱ ይነዳል» እያላችሁ አታስተዋውቁ፣ ያላለቀ ሶፍትዌር በደንበኛ ላይ አትሞክሩ አላቸው። በሴፕቴምበር ደግሞ ሻኦሚ ከ116 ሺህ በላይ መኪኖችን ለእርማት ጠራ፤ እርማቱ በአየር የሚላክ ሶፍትዌር ነው።

በአየር የሚላከው የት ድረስ ነው? እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚለየው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ውስጡ ያለው ሲም ብዙ ጊዜ ለቻይና ኔትወርክ የተዘጋጀ ነው። መኪናው ከቻይና ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ሲገባ ከሠሪው ጋር ያለው ገመድ ይበጠሳል። ባለቤቱ በሠሪው መዝገብ ላይ የለም። አስመጪው ከሸጠ በኋላ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ከነስህተቱ። «አውጣው፣ በኋላ እናርመዋለን» የሚለው አመል ቻይና ላይ ቢያንስ «በኋላ» አለው። እዚህ «አውጣው» ብቻ ነው የደረሰን።

በዚህ ላይ የራሳችን ጨምረንበታል። ስክሪኑ በቻይንኛ ስለሆነ ሁሉም እንግሊዝኛ ማስደረግ ይፈልጋል፣ ትክክልም ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የማይችል ሾፌር አደገኛ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚያደርግላችሁ ሞልቷል። ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ከየት እንዳወረደው የማይነግራችሁን ፋይል ይጭናል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ያ ሶኬት በብዙ መኪና ወደ ካን የሚያስገባ በር ነው። ጂፑን ለመጥለፍ እነ ሚለር የደከሙትን ድካም እኛ ከፍለን ግቢ ድረስ እያስመጣን ነው። ልጆቹን አልወቅስም፤ አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው፣ ሕጋዊ መሣሪያ የሚሰጣቸው ስለጠፋ ነው።

ለቦሎ ስትሄዱ ፍሬን ይለካል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ጭስ የሌለው መኪና ላይ ጭስ የሚለካው ማሽን ሥራ ፈት መሆኑ አይቀርም። በእሱ ፋንታ የሶፍትዌሩን ቁጥር አንብቦ መመዝገብ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ከዚያ በየትኛው መኪና ላይ የትኛው ስህተት እንዳለ ቢያንስ ይታወቃል። መኪና የሚያስመጣ ሰው የእርማት ጥሪ ሲወጣ ለማሠራት እንዲፈርም ማድረግም ከባድ አይመስለኝም። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ለኤሌክትሮኒክስና ለኮምፒውተር ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ አላውቅም።

እስከዚያው ልትገዙ ያሰባችሁ፦ «በራሱ ይነዳል» የሚለውን ነገር ከተማ ውስጥ አጥፉት፣ ፈጣን መንገድ ላይም እጃችሁ ከመሪው አይነሳ። ቋንቋ የሚቀይርላችሁ ሰው ስክሪኑን ብቻ እንዲነካ፣ ሌላውን እንዳይከፍት ንገሩት፣ ሲሠራም አጠገቡ ቁሙ። ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ያልተሠራ የእርማት ጥሪ እንዳለው አጣሩ፤ የቻይና ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥሪዎቹን በይፋ ያወጣል፣ ቻይንኛውን ስልካችሁ ይተረጉመዋል። ሻጩንም ጠይቁት። «እሱን አላውቅም፣ መኪናው ግን ዜሮ ነው» ካላችሁ ዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገሩ።